ክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ለነርቭ ሕመም፡- በክሊኒካዊ ሙከራ መሳተፍና ከጎጃም የተገኘው ልምድ

ለስኳር ሕመም ተሠርተው ኋላ ክብደት ለመቀነስም የዋሉ መድኃኒቶች ለአንጎልና ለነርቭ ሕመሞች ይጠቅሙ እንደሆነ ለማረጋገጥ ባለፉት ዓመታት በተለያዩ አገሮች ክሊኒካዊ ሙከራዎች ተካሂደዋል። በጥቂት ሰዎች ላይ የተደረጉት አንዳንዶቹ ተስፋ ሰጪ ውጤት ሲያሳዩ፣ በብዙ ሰዎች ላይ የተካሄዱት ግን የተጠበቀውን ሳያስገኙ ቀርተዋል። መድኃኒቶቹ በዓለም ገበያ በስፋት መሸጣቸውና በሕንድና በቻይና የሴማግሉታይድ የፈጠራ ባለቤትነት ጥበቃ የሚያበቃበት ጊዜ እ.ኤ.አ. 2026 መሆኑ ሲታሰብ፣ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ሆኖ እንደማይቀር መገመት ይቻላል።

ይህ ጽሑፍ በዞን፣ በወረዳና በከተማ አስተዳደር ደረጃ የምርምር ሥራዎችን ለሚያስተናግዱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ራሳቸው ወይም ቤተሰቦቻቸው በእንዲህ ዓይነት ሙከራ እንዲሳተፉ ለሚጠየቁ የመንግሥት ሠራተኞች የቀረበ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የሚገኙት ፍኖተ ሰላምና ቡሬ፣ በዙሪያቸው ያለው የምዕራብ ጎጃም ገጠርም ሆነ አጎራባቹ ምሥራቅ ጎጃም ለክሊኒካዊ ሙከራ እንግዳ አይደሉም። ስለሆነም ሊጠየቅ የሚገባውን ጥያቄ ከራሳቸው ልምድ ማግኘት ይችላሉ።

ስለ ሕመሙ

ክብደትን ከመቀነስ ጋር በቀጥታ ከተያያዙት የነርቭ ሕመሞች ዋነኛው ምክንያቱ በውል ሳይታወቅ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊት የሚጨምርበት ሕመም ነው። አንጎልንና ሕብለ ሰረሰርን ከቦ የሚገኘው ፈሳሽ ግፊቱ ከመጠን በላይ ሲሆን በሽተኛው ብርቱ ራስ ምታት ይሰማዋል፤ ጆሮው ውስጥ ከልብ ትርታ ጋር የሚሄድ ድምፅ ይሰማል፤ ጎንበስ ብሎ ሲነሳ ለጥቂት ሴኮንዶች ዓይኑ ይጋረዳል። ከሁሉም የሚያሰጋው የዓይን ነርቭ ማበጡ ሲሆን፣ በጊዜው ካልታከመ ዘላቂ የእይታ መቀነስን አልፎም ዓይነ ስውርነትን ሊያስከትል ይችላል። ሕመሙ በአብዛኛው የሚታየው በመውለድ ዕድሜ ላይ በሚገኙና የሰውነት ክብደታቸው ከፍተኛ በሆነ ሴቶች ላይ ነው።

በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ እ.ኤ.አ. የ2016 ሪፖርት መሠረት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው 8 በመቶ ሲሆኑ፣ 22 በመቶ የሚሆኑት ደግሞ ከሚገባው በታች ቀጫጮች ነበሩ። በመሆኑም ሕመሙ በጎጃም ገጠር የተስፋፋ ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ በከተሞች ቢሮ ውስጥ ተቀምጠው የሚውሉ ሠራተኞች ቁጥር ሲጨምር ራስ ምታትን ሁሉ በሕመም ማስታገሻ ማለፍ አደጋ እንዳለው ማወቅ ተገቢ ነው።

ሕመሙን ለመለየት የዓይን ውስጥ ምርመራ፣ ዕጢና የአንጎል ደም ሥር መዘጋት አለመኖሩን የሚያሳይ ኤምአርአይ፣ በመጨረሻም ከጀርባ ፈሳሽ ተቀድቶ ግፊቱ መለካት ይኖርበታል። ግፊቱ 25 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍተኛ ነው ይባላል። እንደ ዶክሲሳይክሊን ያሉ የቴትራሳይክሊን ወገን መድኃኒቶችና ከመጠን ያለፈ ቫይታሚን ኤ ተመሳሳይ ምልክት ሊያመጡ ስለሚችሉ፣ በሽተኛው የሚወስደውን ሁሉ ለሐኪሙ መንገር አለበት። በነባሩ ሕክምና ክብደት መቀነስና በተለምዶ ዲያሞክስ በመባል የሚታወቀው አሴታዞላማይድ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ2014 ውጤቱ በታተመውና በሰሜን አሜሪካ በ165 ሰዎች ላይ በተካሄደው ሙከራ ይህ መድኃኒት ከአመጋገብ ቁጥጥር ጋር ሲሰጥ ከአመጋገብ ቁጥጥር ብቻ የተሻለ የእይታ መሻሻል ማስገኘቱ ተረጋግጧል። ከተሳታፊዎቹ ወንዶቹ 4 ብቻ ነበሩ።

ሙከራዎቹ ምን አሳዩ?

አዲሶቹ መድኃኒቶች ጂኤልፒ-1 የተባለውን ከአንጀት የሚመነጭ ሆርሞን አስመስለው የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ኤክሴናታይድ፣ ሊክሲሴናታይድና ሴማግሉታይድ ከእነዚሁ ወገን ናቸው። በአብዛኛው ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣሉ፤ የጨጓራን ሥራ ያዘገያሉ፤ የምግብ ፍላጎትንም ይቀንሳሉ።

በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 ውጤቱ በታተመ ሙከራ፣ በራስ ቅል ውስጥ ግፊት የሚሠቃዩ 16 ሴቶች ተሳትፈዋል። ግፊቱ በየጊዜው እንዲነበብ በራስ ቅላቸው ውስጥ መለኪያ መሣሪያ ተተክሎላቸው ነበር። ኤክሴናታይድ የወሰዱት ሴቶች መርፌውን ከተወጉ ከሁለት ሰዓት ተኩል በኋላ ግፊታቸው ከማስመሰያው ቡድን ጋር ሲነጻጸር በ5.7 ሴንቲ ሜትር፣ በ24 ሰዓት ውስጥ በ6.4፣ ከ12 ሳምንት በኋላም በ5.6 ቀንሶ ተገኝቷል። በሁለት ሰዓት ተኩል ውስጥ ክብደት የቀነሰ ሰው የለም። መድኃኒቱ ክብደት ከመቀነሱ አስቀድሞ ፈሳሹ በሚመነጭበት የአንጎል ክፍል ላይ በቀጥታ ሳይሠራ እንደማይቀር ተመራማሪዎቹ የገመቱትም ከዚህ በመነሳት ነው።

ውጤቱ አበረታች ቢሆንም 16 ሰው 16 ሰው ነው። መድኃኒቱ ዓይንን ከመታወር ያድናል ለማለት እጅግ የሚበዙ ተሳታፊዎች ያስፈልጉ ነበር። ይህንኑ ለማረጋገጥ በልዩ ልዩ አገሮች የተጀመረው ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ግን የታቀደውን ያህል ተሳታፊ ሳይመዘግብ እ.ኤ.አ. በ2023 ተቋርጧል። ለዚህ ሙከራ በፈቃዳቸው ሰውነታቸውን የሰጡት ሴቶች የሚጠብቁት መልስ ሳይገኝ መቅረቱ ሊዘነጋ አይገባም።

የፓርኪንሰን ሕመም ታሪክም አስተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 በለንደን በ62 ሕሙማን ላይ ኤክሴናታይድ የእንቅስቃሴ መሻሻል አስገኘ ተብሎ ብዙ ተስፋ ተጥሎበት ነበር። በ2024 በፈረንሳይ በ156 ሕሙማን ላይ በሊክሲሴናታይድ የተካሄደው ሙከራም ተስፋውን አጠናከረ። በ2025 የታተመውና 194 ሕሙማንን ለ96 ሳምንታት የተከታተለው ሦስተኛ ደረጃ ሙከራ ግን ኤክሴናታይድ ከማስመሰያው የተለየ ጥቅም እንደሌለው አሳየ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ሴማግሉታይድ የአልዛይመርን መባባስ እንደማያዘገይ ከሦስት ሺሕ በላይ ሰዎች ከተሳተፉባቸው ሁለት ሙከራዎች ታውቋል። በ2017 በነበረው ተስፋ ብቻ ተመርኩዞ መድኃኒቱን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ የጀመረ በሽተኛ ቢኖር ለስምንት ዓመታት ያህል የከፈለው ላልተረጋገጠ ጥቅም ነበር ማለት ነው።

በጎጃም የተካሄዱ ሙከራዎች

በአማራ ክልል፣ በዋናነት በምዕራብ ጎጃም፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በተጀመረ ሙከራ በትራኮማ ምክንያት ጥቂት የዓይን ፀጉሮቻቸው ወደ ውስጥ የተቀለበሱባቸው 1,300 ሰዎች ተሳትፈዋል። ገሚሶቹ በዕጣ ቀዶ ሕክምና ሲደረግላቸው፣ ገሚሶቹ ደግሞ ፀጉሩን በወረንጦ በትክክል እንዲነቅሉ ሥልጠናና ወረንጦ ተሰጥቷቸው ለሁለት ዓመት ክትትል ተደርጎላቸዋል። ሕክምናው ያልተሳካላቸው በወረንጦው ቡድን 13.2 በመቶ፣ በቀዶ ሕክምናው ቡድን 2.2 በመቶ ነበሩ። በእይታ ረገድ ግን በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም። ውጤቱ ቀዶ ሕክምናን ለሚፈራ ወይም ሐኪም ዘንድ መድረስ ለማይችል ገበሬ ሁለተኛ አማራጭ መኖሩን ያመለከተ ሲሆን፣ ሁለቱም ቡድኖች ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ባዶ እጃቸውን አልቀሩም።

በምሥራቅ ጎጃም አነደድ ወረዳ የተካሄደው የዝሆኔ ሙከራ ሌላ መልክ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ2015 የተመዘገቡ 696 ሕሙማን በዕጣ ለሁለት ተከፍለው 350ዎቹ የእግር እጥበት፣ ቅባት፣ ፋሻና ጫማ ያካተተውን ሕክምና ወዲያውኑ ሲጀምሩ፣ 346ቱ ለአንድ ዓመት እንዲጠብቁ ተደርጓል። አጣዳፊው የእግር ማበጥና መቁሰል በአንድ ሰው ላይ በዓመት በአማካይ በታከሙት 19.4 ጊዜ፣ በጠባቂዎቹ 23.9 ጊዜ ተከስቷል። ጠባቂዎቹም ዓመቱ ሲሞላ ያንኑ ሕክምና አግኝተዋል።

ዕጣ ለጎጃም ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ዕቁብ የሚጥል ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ በዕቁብ ዕጣው ዘግይቶም ቢሆን ለሁሉም የሚደርስ መሆኑ ነው። የአነደዱ ሙከራ በዚህ ረገድ ዕቁብ መሰል ነበር ማለት ይቻላል። በማስመሰያ መድኃኒት የሚካሄድ ሙከራ ግን የግድ እንደዚያ አይደለም፤ ማስመሰያው የደረሰው ሰው ሙከራው እስኪያበቃ፣ ምናልባትም ከዚያ በኋላ፣ እውነተኛውን መድኃኒት ላያገኝ ይችላል። በመሆኑም ‹‹በዕጣ ይመደባሉ›› የሚለውን ሐረግ አንብቦ ከማለፍ ይልቅ ልዩነቱን በቃል ማስረዳት የተመራማሪው ግዴታ ሊሆን ይገባል።

ተሳታፊው የሚያልፍበት ሂደት

ለምሳሌ በቡሬ ከተማ የምትሠራ አንዲት የሠላሳ ዓመት የመንግሥት ሠራተኛ ይህ ሕመም ተገኝቶባት በክብደት መቀነሻ መድኃኒት ሙከራ እንድትሳተፍ ተጠየቀች እንበል። አስቀድሞ ብቁ መሆኗ ይጣራል። ዕድሜዋ፣ ክብደቷ፣ የዓይኗ ሁኔታ፣ ነፍሰ ጡር መሆንና አለመሆኗ፣ የጣፊያና የሐሞት ከረጢት ሕመም ታሪኳ ይመረመራል። መድኃኒቶቹ በእርግዝና ጊዜ ስለማይሰጡ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንድትጠቀም ትጠየቃለች፤ ሴማግሉታይድን የሚወስዱ ሴቶች ለማርገዝ ካሰቡ ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት እንዲያቆሙ ይመከራሉ። ልጅ ለመውለድ ላሰበች ሴት ይህ ቀላል ውሳኔ ባለመሆኑ ከፊርማ በፊት ከባለቤቷ ጋር የምትመክርበት ጊዜ ሊሰጣት ያስፈልጋል።

ክትትሉ ተደጋጋሚ ነው። የነርቭ ሐኪሞችና የምርመራ መሣሪያዎች በትላልቅ ከተሞች የተከማቹ በመሆናቸው፣ ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ መመላለስ ይኖርባታል። የትራንስፖርትና የአልጋ ወጪዋን ሙከራውን የሚያካሂደው ወገን መሸፈን ያለበት ሲሆን፣ ድሃን ለማማለል የሚሰጥ ከፍተኛ ክፍያ ግን የተነቀፈ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም ወዲህ በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር የመንገድ እንቅስቃሴን በተደጋጋሚ ያስተጓጎለ በመሆኑ፣ ተሳታፊዋ በቀጠሮዋ መድረስ ባትችል መድኃኒቱ እንዴት እንደሚደርሳት፣ ዓይኗ ቢደክም ማን እንደሚያያት በዕቅዱ ውስጥ አስቀድሞ መጻፍ ይኖርበታል። መርፌዎቹ ጥቅም ላይ ከመዋላቸው በፊት በማቀዝቀዣ መቀመጥ ስላለባቸው የኤሌክትሪክ መቋረጥም ተራ ጉዳይ አይደለም።

በውጭ አገር የተዘጋጀ የሙከራ ዕቅድ ላያስባቸው የሚችሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው ጾም ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብ የማይቀምስና ለሳምንታት ከሥጋና ከወተት ተዋጽኦ የሚርቅ ሰው ክብደቱ የቀነሰው በመድኃኒቱ ይሁን በጾሙ ለመለየት ያስቸግራል። ማቅለሽለሽ፣ ማስታወክና ተቅማጥ ወይም ድርቀት የመድኃኒቶቹ የታወቁ ጠንቆች በመሆናቸውም በባዶ ሆድ መዋል ሊያከብዳቸው ይችላል። ተመራማሪው ጾሙን ከመከልከል ይልቅ ዐቢይ ጾምና የፍልሰታ ጾም የሚውሉበትን ቀን በመዝገቡ ውስጥ ማስፈር ይበልጥ ይጠቅመዋል። ሁለተኛው ጠበል ነው። ለጠበል የሚሄድ ሰው መድኃኒቱን ለጊዜው ሊያቋርጥ ይችላል፤ ሳይፈራ እንዲናገር ካልተደረገ መዝገቡ ያልወሰደውን እንደወሰደ ይቆጥራል።

ተሳታፊዋ በማናቸውም ጊዜ ምክንያት ሳትሰጥ መውጣት ትችላለች፤ በመውጣቷም መደበኛ ሕክምናዋ ሊቀነስባት አይገባም። የዓለም ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1964 ያወጣውና በ2024 ያሻሻለው የሄልሲንኪ መግለጫ ይህንን መብት በግልጽ ያስቀምጣል። ከሙከራው በኋላ ተሳታፊዎች የተረጋገጠ ጥቅም የሚያገኙበት ሁኔታ አስቀድሞ እንዲታሰብበትም መግለጫው ይጠይቃል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ በክብደት መቀነሻ መድኃኒቶች ላይ ከሌሎቹ ይበልጥ ከባድ ነው። የዓይን ቀዶ ሕክምና አንድ ጊዜ ተደርጎ ሊያበቃ ይችላል። የእግር አጠባበቅን የተማረ የአነደድ ገበሬም ዕውቀቱን ይዞ ይቀራል። ሴማግሉታይድን ያቆሙ ሰዎች ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛ ያህሉን መልሰው እንደጨመሩ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የክትትል ጥናት አሳይቷል። ክብደቱ ሲመለስ በራስ ቅል ውስጥ ያለው ግፊትም አብሮ ሊመለስ ይችላል። ለአንድ ዓመት ተሽሏት ሙከራው ሲያበቃ መድኃኒቱን በደመወዟ መግዛት የማትችል ሠራተኛ ዓይኗ እንደገና አደጋ ላይ ይወድቃል። የፈቃድ ጥያቄው ጠረጴዛው ላይ የደረሰ ኃላፊ ሌላ ምንም ባይጠይቅ ይህንን ሊጠይቅ ይገባል።

ፈቃድና ቁጥጥር

በኢትዮጵያ የመድኃኒት ክሊኒካዊ ሙከራን የመፍቀድና የመቆጣጠር ሥልጣን በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። ከዚህም ሌላ ሙከራው በሚካሄድበት ተቋምና በብሔራዊ ደረጃ የምርምር ሥነ ምግባር ግምገማ ማለፍ ይጠበቅበታል። በአማራ ክልል የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ለምርምር ሥራዎች የድጋፍ ደብዳቤ ይሰጣል። ደብዳቤው ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳም ወደ ጤና ጣቢያና ቀበሌ እየወረደ ሲሄድ የሚደርስበት ለውጥ ግን ትኩረት ይሻል። ከላይ ‹‹ትብብር ይደረግላቸው›› ተብሎ የተጻፈው ታች ሲደርስ ‹‹ሰው አቅርቡ›› ወደሚል ትእዛዝ ሊለወጥ ይችላል። የቀበሌ ሊቀ መንበርና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ተሳታፊን ማሳወቅ እንጂ ማሳመን ሥራቸው አይደለም። የቢሮ ኃላፊም ሠራተኛው ለክትትል ሲሄድ ፈቃድ ከመስጠት ባለፈ ስለ ሕመሙ ዝርዝር የመጠየቅ መብት የለውም።

የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት የቀረበለት ሙከራ የተፈቀደ መሆኑን የባለሥልጣኑን የፈቃድ ደብዳቤ በማየት ሊያረጋግጥ ይችላል። የፓን አፍሪካ ክሊኒካዊ ሙከራዎች መዝገብ ለማንም ክፍት በመሆኑ የሙከራው ስም፣ ዓላማና የተሳታፊ ቁጥር በዚያ ሊታይ ይችላል። በፈቃድ ቅጹ ላይ ደግሞ ጉዳት ቢደርስ የሚያሳክመው ማን እንደሆነ፣ የመድን ሽፋን መኖሩ፣ ሌሊትም ጭምር የሚደወልበት የሐኪም ስልክ፣ የደም ናሙና ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ የት እንደሚላክ ሊገለጽ ይገባል። ቅጹ በሚገባ አማርኛ ተጽፎ ማንበብ ለማይችል ሰው ከተመራማሪዎቹ ወገን ያልሆነ ምስክር ባለበት መነበብ ይኖርበታል።

ገንዘብ እያስከፈለ ‹‹ሙከራ ነው›› የሚል፣ ወይም ሳያስከፍል ‹‹ፈውስ ነው›› የሚል ወገን ሁለቱም ሊጠረጠሩ ይገባል። በውጭ የሚኖር ዘመድ በሻንጣ የላከው መርፌ በጉዞ ላይ ቅዝቃዜውን ጠብቆ መቆየቱን ማረጋገጥ አይቻልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በሰኔ 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ ሐሰተኛ ሴማግሉታይድ በብራዚል፣ በእንግሊዝና በአሜሪካ መገኘቱን አስታውቋል። ጠንካራ የቁጥጥር ሥርዓት ያላቸው አገሮች የተታለሉበት ሐሰተኛ ምርት ቡሬ ገበያ ሲደርስ በዓይን አይቶ የሚለየው አይኖርም። ስለዚህ በፋርማሲ ቁጥጥር ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ከመዝገብ ውጭ የሚሸጡ የክብደት መቀነሻ መርፌዎችን ሲያገኙ የምድብ ቁጥራቸውን መዝግበው ለባለሥልጣኑ ማሳወቅ ይጠበቅባቸዋል። ራሱ መርፌውን ጀምሮ ብርቱ የሆድ ሕመም፣ የማያቋርጥ ትውከት ወይም የእይታ መጋረድ ያጋጠመው ሰውም መያዣውን ሳይጥል ይዞ ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት።